የአዴ ፋጡማ ፍየልና የእኔ ፌስታል

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ሰኔ መጀመሪያ፣ እዚሁ ጭሮ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው ፍየል ስለታመመች አይደለም፤ ፍየል ሁልጊዜ ይታመማል። ያሳመምኳት እኔ ስለሆንኩ ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስለ ባሕር ብክለት ንግግር እንዳደርግ ጋብዞኝ ነበር። ብዙ ያነባል ሲባል ሰምተው ነው። እውነት ነው፣ አነባለሁ፤ የማነበው ግን በአብዛኛው ለመቃወም ነው። ንግግሬን «እኛን ምን አገባን?» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። የጭሮ ጎርፍ ቢበዛ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጭሮ ለባሕር አንዲት ፌስታል አልላከችም፣ ይቅርታም አትጠይቅም። ይህን ጽፌ ራሴን አደነቅሁ።

ለቀልድ ብዬ ደግሞ የባሕር ኤሊዋን ጨመርኩ። ፕላስቲክ ባሕር ላይ ሲሰነብት አልጌ ይለብስና የምግብ ሽታ ይይዛል ይላሉ አጥኚዎች። ኤሊዋ ሽታውን ተከትላ ትውጠዋለች፤ ሆዷ በፕላስቲክ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች። የፕላስቲኩን ደቃቅ ስብርባሪ ዓሣ ይበላዋል፣ ዓሣውን ሰው። በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ገና እያጠኑት ነው። እኔ ግን «ያን ያህል ዕድሜ ኖራ ምግብና ፌስታል የማትለይ ፍጡር» ብዬ አሾፍኩባት።

አሁን ወደ ፍየሏ ልምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጫት እቅማለሁ። የሚተርፈው ጠንካራ ቅጠል ገራባ ይባላል፤ ድርሻው የፍየል ነው። ፍየል ያለው ጎረቤት እያለ ገራባ መጣል በሰፈራችን ነውር ነው። እኔም ለዓመታት ገራባውን በመጣበት ፌስታል ቋጥሬ፣ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤቴ ወደ አዴ ፋጡማ ግቢ ስወረውር ኖሬአለሁ። እሳቸው ፈትተው ቅጠሉን ለፍየላቸው ይሰጣሉ፣ ፌስታሉን ያስቀምጣሉ። ባለፈው ዓመት ግን ጉልበታቸውን አመማቸውና እንደ ልብ መውጣት አቃታቸው። ይህን አውቅ ነበር። መወርወሬን አልተውኩም።

ንግግሩ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ከአጥር ማዶ ተጠራሁ።

«አንተ መምህር! ና አቦ! ፍየሌ ልትሞትብኝ ነው!»

ፍየሏ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ተጋድማለች። አታመነዥክም። የሁለት ዓመት መንታ የልጅ ልጆቻቸው ኩባያቸውን ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። ለእነሱ ወተት ማለት እሷ ናት።

በባጃጅ ወሰድናት። አዴ ፋጡማ ዱዓ እያደረጉ፣ እኔ አንገቷን አቅፌ። አደባባዩ ላይ አንድ የማውቀው ነጋዴ «መምህር፣ ሙሽራዋ ከየት ናት?» ብሎ ጮኸ። በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ዳበሳትና ሆዷ መከፈት አለበት አለ። አደንዝዞ ከፈተ። ከዚያ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፌስታል ይጎትት ጀመር፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ደግሞ ሰማያዊ። አዴ ፋጡማ አንዱን በእንጨት ገለበጡት። ጎኑ ተቀዷል፣ አፉ ግን እንደተቋጠረ ነው።

«ይሄን ቋጠሮ አውቀዋለሁ» አሉ። «ስንት ዓመት ስፈታው የኖርኩት ነው። ያንተ ነው።»

«የእኔ ነው» አልኩ።

«ማሎ! ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ታነባለህ፣ አንድ ፌስታል መፍታት ያቅትሃል?»

አመል ሆኖብኝ፣ «እሷስ ፌስታል ለምን ትበላለች?» አልኩ።

ሐኪሙ ቀና ሳይል «ገራባ ገራባ ይሸታላ» አለ።

ኤሊዋ ትዝ አለችኝ።

ሐኪሙ ሰፍቶ ሲጨርስ ትድናለች ብለን ተስፋ እናድርግ አለ፤ መድኃኒት ስለወሰደች ግን ወተቷ ለልጆች እስኪፈቀድ መጠበቅ አለበት። አዴ ፋጡማ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? ወተት ታመጣለህ።» «አመጣለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ክበቡ ፊት ንግግሬን እስከ ኤሊዋ ድረስ እንደጻፍኩት አነበብኩ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ የፍየሏን ነገር አወራሁ። ተማሪዎቹ ተንከተከቱ። ሲጨርሱ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ለኤሊዋስ ሆዷን ማን ይከፍትላታል?»

ያጠፍኩትን ወረቀት ዘርግቼ ጥያቄዋን ጀርባው ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ወተት ይዤ አጥሩን ስዞር ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ወተት ከማመላለሱ ይልቅ የከበደኝ ግን ፍየሏን ማየት ነበር፤ ለቀናት ጆሮዋ ወድቆ፣ የሰጧትን ሣር እያሸተተች ትተወው ነበር። አንድ ቀን ግን ቆማ ስታመነዥክ አገኘኋት። ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ሐኪሙ ወተቷን ከፈቀደ በኋላ፣ እኔ ሳልሰማ እንደ ልማዴ ወተቴን ይዤ ሄድኩ። መንታዎቹ ኩባያቸውን ጨርሰው አፋቸው ዙሪያ ነጭ ሆኗል። «ይሄንንስ ማን ይጠጣው?» አልኩ።

«አንተ ጠጣዋ!» አሉ አዴ ፋጡማ። «ከስተሃል።»

የበራቸው ደፍ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁ። መንታዎቹ ደግሞ እስክጨርስ ድረስ ፊቴ ቆመው ጠበቁኝ። በዕድሜዬ ብዙ ክርክር አሸንፌአለሁ፤ ከአንዱም በኋላ ግን እንደዚያ ማለዳ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ መመለሴን አላስታውስም።