ነፋሱ የሚያመጣቸው እጮች

ጫሞ ሐይቅ ላይ የዓሣ እጭ የምቆጥር ቴክኒሻን ነበርኩ። እጭ ማለት ከእንቁላል የወጣ፣ ገና በወጉ መዋኘት የማይችል፣ ውኃ ወደ ወሰደው የሚሄድ ፍጥረት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ጋር በጀልባ እየዞርን ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ መረብ እጭ ስንፈልግ የሐይቁን መሃል ባዶ ሆኖ አገኘነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ እጮቹን እየገፋ ዳር ያለው ቄጠማ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። እዚያ ውኃው ይሞቃል፤ ማዕበልም አይደርስባቸውም። ይህንኑ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቢሮው ጠርቶ ሌላ ሪፖርት አስነበበኝ። ሪፖርቱ መሃል ሐይቁ ላይ አንዴ ብቻ መረብ ተጥሎ «እጭ አልተገኘም» ይላል። ስለዚህ ቄጠማው ተመንጥሮ የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ይሠራበታል። ከሥር የእኔም ስም ሰፍሯል።

«የእኔን ጽሑፍ አንብበውታል?» አልኩት።

«አንብቤዋለሁ። ሥራው ግን ተወስኗል።»

ደሜ ፈላ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስቼ ስሜን ፊቱ ሰረዝኩ።

ቄጠማው በሦስት ቀን ተጨፍጭፎ አለቀ። በአራተኛው ቀን ከሽማግሌው ጋር ሄድን። ነፋሱ እንደ ልማዱ እጮቹን አምጥቷቸዋል፤ የሚይዛቸው ስላጡ ግን ማዕበሉ ጭቃው ላይ ተፍቷቸው ፀሐይ ታደርቃቸዋለች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑና አሳዩኝ።

«ይኼን ለሰውዬው ውሰድለት» አሉኝ።

በፕላስቲክ ዕቃ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ምንድን ነው?» ሲለኝ፣ «ያላገኙት ነዋ» አልኩት። በዚያው ሥራዬን ለቀቅኩ። አልተጸጸትኩም፤ ንዴቴም አልበረደም።