ምንም የማታወጣዋ ሳንቲም

የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን አሁን ግን ታክቶኛል። ባለፈው ኅዳር ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንዲት አሮጊት የጃንሆይ ዘመን የኒኬል ሳንቲም አላቸው ተብዬ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድሁ። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ደጅ ላይ ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። እማማ ወደ ውስጥ አስገቡኝና ሳንቲሟን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ስፈልጋት የኖርኋት ነበረች፤ ፊደሏ እንኳ አልደበዘዘም።

«እማማ፣ ይች እኮ ብዙ ታወጣለች» አልኋቸው።

«ቀስ በል ልጄ!» አሉኝ በሹክሹክታ። «ልጆቼ በእሷ የተነሳ ሊተራረዱ ነው። ምንም አታወጣም ብለህ ንገርልኝ።»

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ወጣሁና ልጆቹን «የማትረባ ናት» አልኋቸው። ሦስቱ ተያዩ። ታላቅየው ከእጄ ተቀብሎ አገላበጣትና ከደጁ በታች ወዳለው ገደል ወረወራት።

«በል ግባ፣ ምሳ ብላ» አለኝ።