የሷሊህ ትልቁ ሞተር

የ2001 ነሐሴ ነበር፤ ሌሊቱን መካነ ሰላም ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት አባራ። ባሌ ሷሊህ፣ ጅዳ ሠርቶ በገዛው ግዙፍ ሞተር፣ የታመመች እናቴን እንድጠይቅ እሷ ወዳለችበት ወደ ከላላ ሊያደርሰኝ ተነሳ። ሞተሩ ደሴ ድረስ ሁለት ሰውና ጭነት ይዞ አይደክምም። ብርድ ልብሴን እንኳ የሚያለብሰው ለሞተሩ ነበር። ጭቃው ላይ ግን ክብደቱ ጣለን። ገበያተኞች ተረባርበው ሞተሩን አነሱት። ሷሊህ በሽርጡ እየጠረገ ዳበሰው፤ እኔን እንዲያ ዳብሶኝ አያውቅም።

«አልሃምዱሊላህ፣ አልተሰበረም!»

በቅሎ የሚነዱ አዛውንት፣ «አንተ ልጅ፣ ሚስትህንስ አየሃት?» አሉት።

«እሷማ ራሷ ትነሳለች።»

ተነሳሁ። በአዛውንቱ በቅሎ ከላላ ደረስኩ፤ አልተመለስኩም። ሷሊህ አሁን ከሞተሩ ጋር ደሴ ነው፤ እኔ እናቴ ቤት ነኝ።