መቀስ ያልነካው ማር

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስቀጠር ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። የዚያ ቤት እመቤት ግን አክስቴ ሳትሆን ጠርሙስ ናት። ቡፌው ከላይ እስከ ታች ጠርሙስ ተደርድሮበታል፤ ሁሉም በሲባጎ ቋጠሮ የተሠራ ልብስ ለብሷል። ስኳሩ ለብሷል፣ ምስሩ ለብሷል፤ እኔ ለብርድ የምደርባት አንዲት ሹራብ ነበረችኝ።

ሌሎች ሴቶች ሲሠሩ ክዳኑ እንዲዞር አፉን ክፍት ይተዉታል። አክስቴ ክዳኑንም አብራ ትቋጥረዋለች፤ መቀስ ካልነካው አይከፈትም። "ሥራ ማለት እንዲህ ነው!" ትላለች። ሥራ! ቡፌው ላይ ስኳር እያለ እኛ ከሱቅ በፌስታል እየገዛን ሻያችንን እናጣፍጣለን። ጎረቤት "እጅሽ ይባረክ" ሲላት ግን ፊቷ ይበራል። እንዲህ ያለ ከንቱነት ያቅለሸልሸኛል።

ከሁሉም የከበረው መሃል ላይ የቆመው የማር ጠርሙስ ነበር። ማሩን ወንድሟ ኩታበር ካለው ቀፎው ቆርጦ ያመጣላት ነው። እሷም ደሴ ድረስ ወጥታ፣ ሰኞ ገበያን አስሳ ሲባጎ ገዛችለት፤ ከግርጌው ዘርፍ ሁሉ አወጣችለት።

"ይሄን የምቆርጠው ልጄ ከዐረብ አገር የመጣ ለት ነው" ትል ነበር። ያላት እሱ ብቻ ነው።

መጣ። ይዘው አባረውት፣ በነጠላ ጫማ፣ አንዲት ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። አክስቴ አቅፋ ሳመችው፣ አለቀሰችም፤ ከዚያ በትከሻው አሻግራ በሩን ታይ ጀመር። ሻንጣ እየፈለገች ነበር። እሱም ሳይገባው አልቀረም።

ቁጭ ብሎ ቡፌውን አየ።

"እማዬ፣ ይሄ የአጎቴ ማር ነው?"

"አዎ ሆዴ፣ አንተ ስትመጣ የምቆርጠው ነው።"

"መጥቻለሁ እኮ።"

"እሱማ መጥተሃል…" አለችና ዘርፉን በጣቷ አስተካከለች። "ሲያልፍልህ፣ እንደ ሰው ስትመጣ ነው እንጂ።"

ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዳቦውን በሻይ እየነከረ ይበላል እንጂ ወደ ቡፌው ቀና ብሎ አያይም።

"ምናለ ብትቆርጪለት?" አልኳት፣ እሱ በሌለበት።

"የሰው ዓይን አለ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል? በባዶ እጁ ለገባ ደግሼ ልቀበል?"

ልጇ ፊት ለፊቷ ሲሸማቀቅ እያየች የምትጨነቀው ለጎረቤት ነበር። ናቅኳት። ዛሬም እንቃታለሁ፤ አክስትነቷ አያድናትም። እሱ አንድ ማለዳ ሳይሰናበተን በጅቡቲ በኩል ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

በቀደም ከፋብሪካ ስመለስ አክስቴ የማሩን ጠርሙስ ጭኗ ላይ አድርጋ መቀስ ይዛለች። አሮጌው ልብስ ተቆርጦ መሬት ወድቋል።

"መጣ እንዴ?" አልኳት።

"ኧረ የለም" አለች ቀና ሳትል። "አቧራ ጠጥቶ ነው። ሲመጣ እንዲህ ቆሽሾ እንዳያገኘው ብዬ።"

ክዳኑን እንኳ ሳትከፍት አዲሱን ሲባጎ አፉ ላይ መቋጠር ጀመረች።