ሦስተኛው ውሃ

ያ በጋ ሰውን ከውስጥ የሚያደርቅ በጋ ነበር። ቧንቧው በቀን አንዴ አንጠባጥቦ ይተኛል፤ መስኮት ቢከፈት የሚገባው አቧራ ብቻ። የቤተ ሙከራው ጠርሙስ አጣቢ ያን በጋ ባስታወሰች ቁጥር እስከ ዛሬ ጉንጯ ይግላል።

በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ "እማማ መስታወት" ነው የሚሏት። እሷ ያጠበችው ጠርሙስ ፊት ያሳያል። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጠርሙስ አልተመለሰባትም።

እዚያ ቤት የካንሰር መድኃኒት ነበር የሚፈለገው። አንዲት ወጣት ተመራማሪ እንዲህ ብላ አስረድታታለች፦

"የታመመችው ሕዋስ ስግብግብ ናት፣ እማማ። ስትበላ ስትበላ ሆዷ ይኮመጥጣል። አሲዱን ታዲያ በጓሮ በር አውጥታ ጎረቤት ላይ ትደፋዋለች። እኔ ያን በር የሚዘጋ መድኃኒት ነው የምሠራው። በገዛ ኮምጣጣዋ ትሙት!"

"እንዴ! የኔን ጎረቤት አወቅሻት እንዴ?" ብላ አሳቀቻት።

ምልክቱ ቀለም ነው። ሕዋሶቹ የሚኖሩበት ቀይ ፈሳሽ አሲድ ሲደፋበት ቢጫ ይሆናል፤ በሩ ከተዘጋ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። የተረፈ ሳሙናም አሲዱን ገድሎ ፈሳሹን ቀይ ስለሚያስቀር፣ ጠርሙስ ከታጠበ በኋላ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ መለቅለቅ አለበት።

አንድ ቀን ውሃው አነሰ። እሷም አዲስ የተወለደውን የልጅ ልጇን ለማየት ቸኩላለች። የዕለቱን ጠርሙሶች አንዴ ብቻ ለቅለቅ አደረገችና "ማን ያውቅብኛል" ብላ ደረደረቻቸው።

በሳምንቱ ተመራማሪዋ እየዘለለች መጣች። መድኃኒቱን የጨመረችው በእነዚያው አንዴ ብቻ በተለቀለቁት ጠርሙሶች ነበር፤ መድኃኒት ያልገባባቸው፣ ቀድሞ በደንቡ የታጠቡት፣ ቢጫ ሆነዋል።

"አንቺ መስታወት! ዘጋሁት! ቀይ ነው፣ ቀይ!" ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

አጣቢዋ ወደ መደርደሪያው ሄደች። መደርደሪያ ላይ የቀረውን ጠርሙስ በእርጥብ ጣቷ ብትዳብሰው አሟለጫት። ሳሙና። ያኔ መናገር ነበረባት። "ዝም አይነቅዝም" አለችና የቀሩትን ተደብቃ ሦስት ሦስት ጊዜ ለቀለቀቻቸው።

ሙከራው ሲደገም ሁሉም ቢጫ ሆነ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ተመራማሪዋን ሰው በተሰበሰበበት፣ "የእኔ እመቤት፣ ዓይንሽን ተመርምረሻል? ወይስ ያማረሽን ቀለም ነው የምታዪው?" አላት። ሰው ሳቀ። ልጅቷ የት እንዳጠፋች ስትፈልግ አራት ወር ቆየች፤ ከሳችም። እማማ መስታወት ሻይ እያቀበለች "አይዞሽ፣ ልጄ" ትላት ነበር። ከሁሉ የምታቃጥላት ያቺ "አይዞሽ" ናት።

ልጅቷ "ሥራውን ልተወው ነው" ስትላት አላስቻላትም።

"ሳሙና ነው" አለች፣ ዓይኗን መሬት ተክላ። "አንዴ ብቻ ነው የለቀለቅኩት። የቀረውንም ደብቄ ያጠብኩት እኔው ነኝ።"

ልጅቷ አልጮኸችም። ወንበር ስባላት፣ "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ይቀመጡ" አለቻት።

አንቺ ስትላት ኖራ፣ "ይቀመጡ"! ጥፊ ይሻል ነበር።

ያባረራት የለም። በወሩ መጨረሻ ጓንቷን አጥፋ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ልጅቷ ሥራዋን ቀጥላለች ይባላል፤ የስግብግቧ ሕዋስ በር ግን ገና አልተዘጋም። እማማ መስታወት በመጨረሻ የታየችው ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ታናሽ እህቷ ቤት፣ የጓሮ ክፍል ውስጥ ከሰው ዓይን ተሸሽጋ ነው።