ስንዴው መሃል የታየው ቀይ ቦታ

ወንድሜ ደሴ፣ ዛሬ ጠዋት ስልክህ ላይ መልእክት ገባ። «የማሳዎ ምሥራቅ ጥግ ተዳክሟል፤ ሄደው ይመልከቱ» ይላል።

የማሳችንን ዳር በእግርህ ዞረህ ካርታው ላይ ያስገባኸው አንተ ነህ። መሞትህን ማሳውን ከሰማይ ለሚከታተለው ሳተላይት የነገረው የለም።

ካርታው ላይ አረንጓዴው መሃል ቀይ ቦታ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ለቀብርህ የመጡት ፈረሰኞች እንደ ለቅሶው ወግ እየጋለቡ የዞሩበት ነው።

ለጎረቤታችን ለጋሽ ኤርጃቦ አሳየኋቸው። «ለካ ሳተላይቱም ለቅሶ ደርሷል!» አሉ።

አባባ አልሳቀም። «አተር እንዝራበት ወይስ እንተወው?» አልኩት።

«ደሴን ጠይቀው» አለኝ፣ እንደ ልማዱ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ይህን የምታነቡ፣ በሟች ስልክ ላይ መልእክት ሲመጣ እናንተ ምን አደረጋችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ፣ ትናንት ድንኳኑ ፈርሶ ለቀስተኛው ሁሉ ስለሄደ፣ ዛሬ ብቻዬን ማሳው ድረስ ወረድኩ። ስልኩ ምክንያት ይጠይቃል፤ በሽታ፣ ተባይ፣ የውሃ እጥረት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን ነክቼ «ለቀስተኛ ረግጦት ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ስልክህን ይዤ፣ አንተ እንደምታደርገው፣ የተረገጠውን ቦታ ዳር ዳሩን ዞርኩ። «አተር» ብዬ መዘገብኩት። ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ።