አባቴና ውስጠ ባዶዎቹ ኳሶች

የማጠናው ብርሃን በጣም ደቃቅ ድንቡልቡል ቅንጣቶች ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚበተን ነው። አንዳንዶቹ በሌላ ነገር የተለበጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባዶ ነው። ጡረታ የወጡት ሹፌር አባቴ ግን ለጠየቃቸው የሰፈራችን የቀራንዮ ሰው ሁሉ "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዶ ኳስ ትቆጥራለች" ይላሉ። ለእኔም በየሳምንቱ "ኳስሽን ተይና አግቢ" ነው። አብሬ እስቃለሁ እንጂ ያመኝ ነበር። አንድ ቀን ሥራዬ ቢገባቸው ምን ነበረበት?

የማገባው ሰው ተገኘና ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። አባቴ ቅዳሜ በጠዋት ከአየር ጤና ነጭ ቀለም ገዝተው አረንጓዴውን የሳሎን ግድግዳ ራሳቸው ይቀቡ ጀመር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጠሩኝ። ከነጩ ሥር አረንጓዴው ወለል ብሎ ይታያል።

"ውሃ ነው የሸጠልኝ። ሄጄ አንገቱን ነው የማንቀው" አሉ፣ ኮታቸውን እየደረቡ።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳነብ ልቤ ዘለለ፤ የእኔዎቹ ውስጠ ባዶ ኳሶች ቀለሙ ውስጥ አሉ።

"አባዬ፣ ይቀመጡ። ኳሶቹን አሁን ውሃ ሞልቷቸዋል። ውሃውና ልጣጫቸው ለብርሃን ብዙም አይለያዩም፤ ሰተት ብሎ ያልፍና አረንጓዴውን ያሳየናል። ሲደርቅ ውሃው ወጥቶ አየር ይገባል። ያኔ ብርሃኑ ልጣጩና አየሩ ሲለያዩበት መንገዱ እየተጣመመ በየአቅጣጫው ይበተናል። ነጭ የምንለው ያንን ነው።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መድኃኒቱ 'ይድረቅ' ነው?"

"አዎ።"

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አሉና ግድግዳው ፊት ቁጭ አሉ። ምሳቸውንም እዚያው በሉ። ከሰዓት በኋላ አረንጓዴው እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"እንደ ኖራ ነዋ። እሱም እርጥቡን አይታመንም፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም ኖሯል?"

እውነታቸውን ነው፤ ኖራንም የሚያነጣው በቅንጣቶቹ መሀል የሚገባው አየር ነው።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። እነሱ የመጡበትን ገና ሳይናገሩ አባቴ ግድግዳውን እያሳዩ ስለ ኳሶቹ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ አየሩ አስረዷቸው። አንዳንድ ቦታ ተሳስተዋል፤ ቢሆንም መምህሬ እንኳ እንዲያ ኮርቶ አላወራልኝም። እንባዬ መጣ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን አነሱ።

"ይህን የመሰለ ነገር የያዘች ልጅ መሀል ላይ አላቋርጣትም" አሉ አባቴ። "ትጨርስና ተመለሱ።"

ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል አውቃለሁ። ይሄ ግን የወጉ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው።

ማታ እጮኛዬ ደወለ። "እሺ፣ ምን አሉ?"

"ሥራዬ ገባቸው" አልኩት።

"ደስ ይላል" አለ። "እኛስ?"